ሳይሠራ የሚከፈል ደመወዝ፦ ምጽዋት ነው ወይስ ሐቅ?

አንድ ሰው ሥራ ሳይሠራ ደመወዝ ቢከፈለው ምን እንላለን? ብዙዎቻችን ያለ ማቅማማት ‹‹ያልሠራ ምን ቆርጦት ይከፈለዋል!›› እንላለን። ሰውየው የቤተሰብ አስተዳዳሪ መሆኑንና ሥራ ያጣውም በራሱ ጥፋት አለመሆኑን ስንሰማ ደግሞ ልባችን ይራራና ‹‹እንግዲያውስ ግማሹን እንኳ ይስጡት›› እንላለን። ሁለቱም አባባሎች ከየአፋችን በቀላሉ ይወጣሉ። ዳሩ ግን ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ አልፈውት ይሄዳሉ። ለመሆኑ ያ ግማሽ ደመወዝ ምንድን ነው? የምን ዋጋ ነው?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ግማሹ ደመወዝ ምጽዋት ከሆነ ሰጪው ሲሻው ይሰጣል፣ ሲሻው ይነሳል፤ ተቀባዩም አመስግኖ ከመቀበል በቀር ‹‹ለምን ጎደለ?›› ብሎ መሟገት አይችልም። ሐቅ ከሆነ ግን መንሳቱ ዙልም ነው፤ መጠየቁም ልመና አይደለም። አንድ አባወራ በልጆቹ ፊት አንገቱን ደፍቶ ወይስ ቀና ብሎ እንደሚገባ የሚወሰነው በዚህ ልዩነት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

የግማሽ ደመወዝ ታሪክ

ከሥራ ገበታው ላይ ለሌለ ሰው ተቀንሶ የሚከፈል ደመወዝ በሥርዓት ከተሠራባቸው ቦታዎች አንዱና ዋነኛው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. በ1668፣ ከሆላንድ ጋር የተደረገው ሁለተኛው ጦርነት ባበቃ ማግሥት፣ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በዚያ ጦርነት ላገለገሉ ጥቂት አድሚራሎች መርከብ ባይኖራቸውም ከደመወዛቸው የተወሰነው ክፍል እንዲከፈላቸው ፈቀደ። ለጥቂቶች የተጀመረው ነገር በሂደት ወደ ሌሎች መኮንኖች ተስፋፍቶ ‹‹ግማሽ ደመወዝ›› የሚል ስም ያለው ቋሚ ሥርዓት ሆነ።

ምክንያቱም ግልጽ ነበር። ጦርነት ሲመጣ ብዙ መርከብ ይወጣል፤ ሰላም ሲሆን መርከቡ ወደብ ላይ ይታሰራል። መርከቡን ማሰር ቀላል ነው፤ መኮንኑን ግን ምን ያደርጉታል? ሙሉ ደመወዝ እንዳይከፍሉት ግምጃ ቤቱ አይችልም። እንዳያሰናብቱት ደግሞ በባሕር ላይ በብዙ ዓመታት ያገኘውን ዕውቀት ይዞ ወደ ንግድ ወይም ወደ ሌላ ንጉሥ አገልግሎት ይሄድባቸዋል። ስለዚህ መካከለኛ መንገድ ተፈለገ፤ ቤቱ ይቀመጥ፣ ግማሹን ይቀበል፣ ሲጠራ ይምጣ ተባለ።

ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1815 ከተሸነፈ በኋላ ሥርዓቱ በሰፊው ተፈተነ። በጦርነቱ ጊዜ 140 ሺህ ገደማ የነበረው የባሕር ኃይሉ ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 20 ሺህ አካባቢ ወረደ። ከመኮንኖቹም ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የሚሳፈሩበት መርከብ አጡ። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በትራፋልጋር ውጊያ ስሙ የገነነው ሆራሺዮ ኔልሰን ከ1788 እስከ 1793 ለአምስት ዓመታት ያህል በተወለደበት የገጠር መንደር በግማሽ ደመወዝ ተቀምጦ መርከብ እንዲሰጡት ሲማጸን ኖሯል። ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ሊነሳ ሲል ግን ተጠርቶ መርከብ ተሰጠው። እንግዲህ ልብ እንበል! በእነዚያ አምስት ዓመታት የተከፈለው ገንዘብ የምን ዋጋ ነበር? ያለፈው አገልግሎቱ ዋጋ ነበርን? ወይስ ገና ያልመጣው?

ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1790 የእንግሊዝ የንጉሥ ችሎት ዕዳ ውስጥ የገባ መኮንን ግማሽ ደመወዙ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ እንደማይችል ወሰነ። ገንዘቡ አገሪቱ የመኮንኑን ክብር ጠብቃ ለአገልግሎት ዝግጁ አድርጋ የምታቆይበት ስለሆነ እንደ ማንኛውም ንብረት አይሸጥም፣ አይለወጥም ማለት ነው። በአሜሪካ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1880ዎቹ በጡረታ ላይ ያለ መኮንን ከሠራዊቱ ገና እንዳልወጣ፣ የሚከፈለውም ደመወዝ እንደሆነ ተናገረ። ይኸው ፍርድ ቤት በ1992 ግን የካንሳስ ክፍለ ግዛት ከወታደሮች ጡረታ ላይ ግብር በጠየቀ ጊዜ ሌላ መልስ ሰጠ። ካንሳስ ‹‹ይህ ለተቀነሰ የአሁን አገልግሎት የሚከፈል የተቀነሰ ደመወዝ ነው›› ብላ ተከራከረች። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላትም፤ ለግብሩ ጉዳይ ገንዘቡ ላለፈው አገልግሎት ቆይቶ የተከፈለ ዋጋ ነው አለ። እንግዲህ አንድ ፍርድ ቤት እንኳ በአንድ ዘመን እንዲህ፣ በሌላ ዘመን እንዲያ ብሎ የሰየመው ነገር ነው። ነገር ግን ሁለቱም መልሶች የሚስማሙበት አንድ ነጥብ አለ፤ ምጽዋት ነው ያለ የለም።

መጠበቅም ሥራ ነው

በእስልምና ፊቅህ ስለ ኢጃራ፣ ማለትም ስለ ቅጥርና ኪራይ የተጻፈውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ክርክር እንግዳ አይሆንበትም። ኡለማዎች ሠራተኛን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ‹‹አጂር ሙሽተረክ›› የሚባለው እንደ ልብስ ሰፊ ለመጣው ሁሉ የሚሠራ ነው። የእርሱ ዋጋ በሥራው ነው፤ ልብሱን ካልሰፋ ገንዘቡን አይጠይቅም። ሁለተኛው ‹‹አጂር ኻስ›› የሚባለው ጊዜውን ለአንድ አሠሪ ብቻ የሰጠ ነው። የእርሱ ዋጋ በሰጠው ጊዜ ነው። በሐነፊ መዝሀብ መሠረት በዑስማንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በሕግ መልክ የተዘጋጀው መጀላ በአንቀጽ 425 ይህን በግልጽ ደንግጎታል። አጂር ኻስ በውሉ ዘመን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ እስከተገኘ ድረስ ደመወዙ ይገባዋል፤ ሥራው በተግባር መሠራቱ ግዴታ አይደለም። ሥራ ሲታዘዝ እምቢ ካለ ግን ደመወዝ የለውም።

ይህ ድንጋጌ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ለመረዳት የሰፈራችንን ዘበኛ መመልከት ይበቃል። ሌባ ያልመጣበት ሌሊት ዘበኛው ምን ሠራ? እንጨት አልፈለጠም፣ ውሃ አልቀዳም፣ ሌባም አልያዘም። ሆኖም ሲነጋ ‹‹ዛሬ ሌባ ስላልመጣ ደመወዝ የለህም›› የሚለው ጌታ ቢኖር ሁላችንም እንስቅበታለን። ሌሊቱን የሰጠው ዘበኛው ነው፤ ሌባው አለመምጣቱ የባለቤቱ ዕድል እንጂ የዘበኛው ጉድለት አይደለም። የእሳት አደጋ ሠራተኛም፣ የሌሊት ተረኛ ሐኪምም፣ በካምፕ ውስጥ የሚጠባበቅ ወታደርም ያው ናቸው።

ገበሬዎቻችንም ቢሆኑ ይህን ያውቁታል። ገበሬ በሬውን የሚቀልበው በሚያርስበት ቀን ብቻ አይደለም። እህሉ ተሰብስቦ፣ አውድማው ተወቅቶ በሬው ሲያርፍም ጭዱን ይጥልለታል። እንደ እርሻ ወራት አብዝቶ ላይሆን ይችላል፤ ግን አይነሳውም። ‹‹ዛሬ አላረስክም›› ብሎ ያስራበው ሰው ዝናብ ሲመጣ የሚጠምደው ያጣል።

ስለዚህ የነገሩ መሠረት ይህ ይመስለናል። ግማሽ ደመወዝ የሥራ ዋጋ አይደለም፤ የማሰሪያው ዋጋ ነው። አንድ አሠሪ ወይም አንድ መንግሥት አንድን ሰው ‹‹ሥራ የለህም፤ ነገር ግን የእኔ ነህ፣ ስጠራህ ትመጣለህ፣ ወደ ሌላም አትሄድም›› ካለው ማሰሪያው በእጁ አለ። ገመዱን የያዘ ደግሞ መቀለብ አለበት። መቀለብ ካልፈለገ ገመዱን ይፍታ። ወይ ይዞ መክፈል፣ ወይ ለቆ ማሰናበት ነው እንጂ ይዞ አለመክፈል ሦስተኛ መንገድ ሊሆን አይችልም።

ግማሽ የሚሆነው መቼ ነው?

እዚህ ላይ ‹‹እንግዲያውስ ለምን ሙሉውን አይከፈለውም? ለምን ግማሽ?›› የሚል ጠያቂ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ የተያዘው ግማሹ ስለሆነ ነው የሚል ነው። በግማሽ ደመወዝ የተቀመጠው የእንግሊዝ መኮንን ቤቱ ያድራል፣ ከቤተሰቡ ጋር ይውላል፣ መሬት ካለው ያርሳል፤ የባሕር ማዕበልና የጦር ጥይት አይነካውም። ከነጻነቱ ከፊሉ ተመልሶለታል፤ ስለዚህ ከደመወዙም ከፊሉ ቢቀር በደል አይደለም። የቅነሳው ፍትሐዊነት የሚለካው በመልቀቁ መጠን ነው ማለት ነው። ግማሹን የከፈለ ግማሹን መልቀቅ አለበት። ሰውየውን ሙሉ በሙሉ አስሮ ግማሽ የሚከፍል ግን ግማሹን እየሰረቀ ነው።

በዚህ ሚዛን የወገኖቻችንን ጉዳይ እንመዝን። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለቤት ሥራ የሚሄዱ እህቶቻችን ‹‹ከፋላ›› በሚባለው የስፖንሰርነት ሥርዓት ሲተዳደሩ ኖረዋል። አንዳንዶቹ አገሮች ሥርዓቱን በየመጠኑ አሻሽለዋል። ሆኖም አንዲት እህት ከአንድ ቤት ወጥታ ሌላ ቤት እስኪገኝላት ፓስፖርቷ ተይዞ፣ በራሷ ሥራ ፈልጋ እንዳትገባ ተከልክላ በደላላ ወይም በኤጀንሲ ቤት ብትቀመጥ ያንን ወር ማን ይከፍላታል? ‹‹አልሠራችምና አይከፈላትም›› የሚለው መልስ በመጀላው ሚዛን ይወድቃል። ጊዜዋ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ እርሷም ለሥራ ዝግጁ ናት። የያዛት ይክፈላት፣ አለዚያም ይልቀቃት። የሠራተኛን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ስለመክፈል የተላለፈውን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም አሠሪ የለም፤ ነገር ግን ላብ የሚወጣው በሥራ ብቻ አይደለም፤ በጭንቀትና በመጠበቅም ይወጣል።

ሚዛኑ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ አያዘነብልም። የመጠበቂያውን ዋጋ እየበላ ሲጠራ የማይመጣ፣ ወይም የተያዘ ጊዜውን በስውር ለሌላ አሠሪ የሚሸጥ ሰው የሚበላው የማይገባውን ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ስሙ በደመወዝ መዝገብ ላይ ሰፍሮ እርሱ ግን የትም የማይገኝ ሰው መጠበቅን እንደ ሽፋን ሊጠቀምበት አይችልም። የሕዝብ ገንዘብ አማና ነው። መጀላው ‹‹ዝግጁ ሆኖ ከተገኘ›› ያለው በከንቱ አይደለም።

ታዲያ የተረሳው ማን ነው?

የግማሽ ደመወዝ ታሪክ አንድ አሳፋሪ ገጽታ አለው። ሥርዓቱ የተሠራው ለመኮንኖች ነው። ከጦርነቱ በኋላ ከመርከብ የወረደው ተራ መርከበኛ የተጠራቀመ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሰናበት ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ደግሞ በራሳቸው ፈቃድ የገቡ አልነበሩም፤ የባሕር ኃይሉ አፋሾች ከወደብና ከንግድ መርከብ ላይ በግዳጅ የወሰዷቸው ነበሩ።

በአሜሪካ የነጻነት ጦርነትም እንዲሁ ሆነ። ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1778 ጦርነቱ እስኪያበቃ ለሚያገለግሉ መኮንኖች የሰባት ዓመት ግማሽ ደመወዝ ቃል ሲገባ ለተራው ወታደር ቃል የገባው አንድ ጊዜ የሚሰጥ 80 ዶላር ነበር። በ1780 የመኮንኖቹ ግማሽ ደመወዝ የዕድሜ ልክ ሆነ። በ1783 ደግሞ ገንዘብ ስላልነበረ ወደ አምስት ዓመት ሙሉ ደመወዝ ተለወጠ፤ እርሱም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በወረቀት ነበር። ብዙዎቹ ቸግሯቸው ወረቀቱን በርካሽ ለነጋዴ ሸጡት። በሕይወት ለተረፉት መኮንኖችም ሆነ እስከ መጨረሻው ላገለገሉት ወታደሮች ሙሉ ደመወዝ እስከ ዕድሜ ልክ እንዲከፈል የታወጀው በ1828 ነው። ጦርነቱ ካበቃ 45 ዓመት አልፎት ነበር! በዚያ ጊዜ ከነዚያ ሰዎች ስንቱ በአፈር ውስጥ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በኛም አገር በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበትኗል። ከመካከላቸው በብሔራዊ ውትድርና ግዳጅ ከእርሻቸው የተወሰዱ ብዙዎች ነበሩ። ወደየቀያቸው እንዲመለሱ የመቋቋሚያ ድጋፍ ተደርጎላቸዋል። የተሰጣቸው ነገር ግን በአብዛኛው ሰው አፍ ‹‹እርዳታ›› ተባለ እንጂ ‹‹ዕዳ›› አልተባለም። መንግሥት ይለወጣል፣ ግምጃ ቤቱ ግን የሕዝብ ነው። በሕዝብ ስም ወጣትነቱ ለተወሰደበት ሰው የሚሰጥ ነገር ከምጽዋት ሊቆጠር አይገባም ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው፣ የማሰሪያ ዋጋ የሚከፈለው ለታሰረው ሁሉ ሳይሆን ጮክ ብሎ መጮህ ለሚችለው እየሆነ መኖሩን ነው። መኮንኑ በቤተ መንግሥት ዘመድ አለው፣ ደብዳቤ መጻፍ ይችላል፣ ቢከፋው ያስፈራል። ተራው ወታደር፣ የቀን ሠራተኛውና የቤት ሠራተኛዋ ይህ ሁሉ የላቸውም። ፍትሕ የሚፈተነው ደግሞ በእነርሱ ላይ ነው።

ፍትሕ ካበቃበት በኋላ

እስካሁን የተናገርነው ዝግጁ ሆኖ ስለሚጠብቅ ሰው ነው። ዝግጁ መሆን ያቃተውስ? የታመመው፣ ያረጀውስ? የበሬው ምሳሌ እዚህ ላይ ያቆማል። ገበሬ ያረጀን በሬ ያርደዋል ወይም ይሸጠዋል፤ ሰው ግን በሬ አይደለም።

የአገራችን የሠራተኛ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ሕመም ለተኛ ሠራተኛ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ ይሰጣል። ለመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ለሚቀጥሉት 2 ወራት 50 በመቶውን፣ ለመጨረሻዎቹ 3 ወራት ግን ምንም አያገኝም። በሽታ የቀን መቁጠሪያ አይቶ እንደማይቀል የሚያውቅ ሰው በዚህ ቅደም ተከተል ያዝናል። ሕመሙ በበረታ ቁጥር ደመወዙ ይሳሳል። በሌላ በኩል አሠሪውም ትንሽ ሱቅ ያለው ድሃ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ሁሉን መጫን አይቻልም። ሕጉ ዝቅተኛውን አስቀመጠ እንጂ ከዚያ በላይ መስጠትን አልከለከለም። ፍትሕ ወለሉ ነው፤ ኢሕሳን ደግሞ ከወለሉ በላይ ያለው ቤት ነው። ሁለቱን አጣምሮ የሚያዘውን የሱረቱ ነሕል አንቀጽ ኢማሞቻችን በጁምዓ ኹጥባ መጨረሻ ደጋግመው የሚያስታውሱን ያለ ምክንያት አይደለም።

የዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) አሠራር በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት አለው። በሂጅራ 20 ዓመት ገደማ ዲዋን የተባለውን የደመወዝ መዝገብ አቋቁመው ለተዋጊዎችና ለቤተሰቦቻቸው ቋሚ ክፍያ ወሰኑ። እንደተዘገበው መጀመሪያ ለሕፃናት የሚሰጠው ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር። አንድ ሌሊት የሚያለቅስ ሕፃን ሰምተው ሲጠይቁ እናቱ ክፍያውን ለማግኘት ብላ ያለጊዜው ጡት እያስጣለችው መሆኑን ሰሙ። ዑመርም ደነገጡ፤ ከዚያ በኋላ ክፍያው ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ እንዲሆን አደረጉ። ሕፃን ምን ሠርቷል? ምንም። ግን የመዝገቡ ደንብ ሕፃንን ከጡት የሚነጥል ከሆነ የሚለወጠው ደንቡ ነው።

ቃዲ አቡ ዩሱፍም በኪታቡል ኸራጅ እንደዘገቡት ዑመር (ረ.ዐ.) የሚለምን አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አግኝተው አይሁዳዊ መሆኑንና ጂዝያ ለመክፈልና ለመኖር ሲል እንደሚለምን በሰሙ ጊዜ ከቤታቸው ሰጥተው ወደ በይተል ማል ኃላፊው ላኩት። በወጣትነቱ ከእርሱ ተቀብሎ በእርጅናው መጣል ፍትሕ አለመሆኑንም ተናገሩ። ያ ሰው ወታደር አልነበረም፣ ተቀጣሪም አልነበረም፣ ሙስሊምም አልነበረም። ዑመር ግን የሰጡትን ነገር እንደ ቸርነት ሳይሆን እንደ ዕዳ ቆጠሩት።

አንድ ተቃውሞ ሳንመልስ ማለፍ አይገባም። ‹‹ላልሠራ መክፈል ስንፍናን ያበዛል፣ ግምጃ ቤቱንም ያራቁታል›› ይባላል። እውነትነት አለው። የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ራሱ በዚህ ታሟል። ማዕረግ በሹመት ቅደም ተከተል ይመጣ ስለነበር ለብዙ ዓመታት መርከብ ላይ ያልወጡ ሽማግሌዎች አድሚራል እየሆኑ መዝገቡን ሞሉት፤ ወጣቶቹም ከበታች ታፍነው ቀሩ። ነገር ግን መድኃኒቱ ምን ሆነ? ሰዎቹን ሜዳ ላይ መጣል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1870 በዕድሜ የተወሰነ የግዴታ ጡረታ ተደነገገ፤ ማለትም ማሰሪያው በክብር ተፈታ። ለዘላለም በግማሽ አስሮ ከማቆየት በጊዜው ፈትቶ ማሰናበት ለሁለቱም ወገን ይሻላል።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በእጃችን ሠራተኛ ያለን ሁሉ፣ ሱቅ ቢሆን፣ መሥሪያ ቤት ቢሆን፣ የቤት ሠራተኛም ብትሆን፣ ሥራ በቀዘቀዘ ጊዜ ከመቀነሳችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። ይህ ሰው በኔ እጅ ነው ወይስ ነጻ ነው? በእጄ ከሆነ፣ ከጊዜው የያዝኩት ምን ያህል ነው? የምከፍለውስ ከያዝኩት ጋር ይመጣጠናል? ነጻ ነው ካልን ደግሞ በእርግጥ እንልቀቀው፤ ሌላ ሥራ ሲይዝ ‹‹ከዳኝ›› አንበለው። የምንቀበል ሰዎችም ‹‹ስጠራ እመጣለሁ›› ያልነውን ቃል እንጠብቅ።

ጎረቤታችን ሥራ ቆሞበት ግማሽ ደመወዝ ሲቀበል ብናየው ‹‹ሳይሠራ ይበላል›› ብለን አንማው። የሚበላው የሸጠውን ነው፤ የሸጠውም ከገንዘብ ሁሉ የማይመለሰውን፣ ዕድሜውን ነው።

ወላሁ አዕለም።